አባቴን አንበሳ ላሳይ የወሰድኩ ጊዜ

አባቴ ምለውብኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ የቀረው ወሬ አይገባችሁምና ከመሐላው ልጀምር።

ያደግኩት ከቢስቲማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። እናታችን እኔና ወንድሜ ሁሴን ነፍስ ሳናውቅ ስለሞተች ያሳደጉን አባታችን ሰይድ ናቸው። ጸጉሬን የሚሠሩኝ እንኳ እሳቸው ነበሩ። አያምርም፤ ግን ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል! ዝናቡ አላባራ ብሎ እንቅልፍ ሲነሳኝ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ሰብስበው እንደ አንበሳ ያገሱልኛል። «አዲስ አበባ አንበሳ የሚጠበቅበት ሰፊ ግቢ አለ። አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ ኢንሻአላህ» ይሉኛል። እሱን እያሰብኩ እተኛለሁ። በሕልሜ የሚመጣው አንበሳ ሁልጊዜ የአባቴን ጋቢ ለብሶ ነበር።

አደግኩና ኮምቦልቻ ወርጄ ልብስ ስፌት ተማርኩ። ታምራትን ያወቅኩት እዚያ ነው፤ የፋብሪካ መካኒክ፣ ቀልደኛ፣ ፕሮቴስታንት። እሱን ማግባቴ ሳያንስ ሃይማኖቱንም ተከተልኩ። እኛ አገር እስላምና ክርስቲያን መጋባት ብርቅ አይደለም፤ የእኔ ነገር ግን አባቴን ከበዳቸው። በሽማግሌዎች ፊት ብድግ ብለው «ወላሂ! የዚያችን ልጅ ቤት ደፍ አልረግጥም፤ የምትወልደውንም አላቅፍም!» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቴ ደግሞ ለቀልድ እንኳ ምለው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ዓመታት አለፉ። ልጄ ሶስና ተወልዳ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። አያቷን የምታውቃቸው ሁሴን በስልክ በላከልን ፎቶ ብቻ ነው። መንደር የምሄደው ብቻዬን ነው። አባቴ ሰላም ይሉኛል፣ ይመርቁኛል፣ ስለ ልጄ ግን አንዲት ቃል አይጠይቁኝም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ እመለሳለሁ።

ባለፈው ጥር ትምህርት ቤት ለእረፍት ሲዘጋ ሶስና አንበሳ ካላየሁ ብላ አስቸገረችን። ለማባበል ብዬ የአባቴን የድሮ ቃል ነገርኳት። ልጅቷ አሰበች፣ አሰበችና፣

«እማ፣ አያቴ የማሉት ቤታችን እንዳይገቡ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አንበሳው ቤት እንዳይገቡ ግን አልማሉም።»

ታምራት ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። «ይቺ ልጅ ጠበቃ ትወጣለች! ወላዲቷን የምታስንቅ!» እያለ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የአራዊት ግቢ እኮ የማንም ቤት አይደለም! እዚያ ብንገናኝ፣ ሳር ላይ ቁጭ ብለን አንድ ጊዜ አብረን እህል ብንቀምስ፣ አባቴ ቃላቸውን ሳያፈርሱ ልጄን ያዩልኛል። ከዚያ ወዲያ ምንም አልፈልግም አልኩ።

ሁሴን ጋ ደወልኩ። ወንድሜ ለአባቴ ነገራቸው። ማታ መልሶ ሲደውል እሱ ራሱ ገርሞት ነበር። «‹ለዘምዘም አንበሳ ላሳያት ቃል ነበረብኝ፤ ቃል እዳ ነው› አሉኝ። ይመጣሉ!»

እንግዲህ እኔን ተዉኝ! ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መቀሱን ከማንሳቴ በፊት ሦስቴ የምለካ ሴት። ይህን ጉዞ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ለካሁት። አባቴን ኮምቦልቻ አልቀጥራቸውም፤ ቤቴ አጠገብ ከሆኑ «ልታስገባኝ ነው» ብለው ይሸሻሉ። ስለዚህ እኛ ወደ ደሴ ወጥተን እዚያ እንገናኛለን። አዲስ አበባ እኛ የታምራት እህት ዘንድ እናድራለን፤ አባቴ ግን የመንደራችን ልጅ አህመድ ዘንድ ያድራሉ። ምግቡ ሥጋ አይነካውም፤ ማን ባረከው የሚል ጥያቄ ከነአካቴው እንዳይነሳ። ድንች ቅቅል፣ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ብርቱካን።

«ለአንበሳውስ ምን ያዝሽለት?» ይለኛል ታምራት።

«አንተን!» እለዋለሁ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ኮምቦልቻ ማምሻውን ሙቀቱ ሲበርድ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ እንላለን። ሶስና በጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ሙሉ የአራዊት ግቢ ሥላለች፤ እዚህ አንበሳው፣ እዚህ ጦጣዎቹ፣ እዚህ ደግሞ ባለ ጋቢው አያቷ። ጠዋት ስጠርግ መጥረጊያዬ አባቴ ጋ ሲደርስ ዞሬ አልፋቸዋለሁ። ሱቅ ውስጥ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ሐሳቤ ይሄዳል፤ ካኪው ጨርቅ ሳር ይሆናል፣ ከሳሩ ውስጥ አንበሳ ቀስ ብሎ ይነሳል። ደንበኛ ገብታ «ዘሙ፣ ምነው ፈዘዝሽ?» ስትለኝ ነው የምባንነው።

ዓርብ ከሰዓት ደሴ መናኸሪያ ቆመን ጠበቅናቸው። የደሴ ጉም ወርዶ ከተማው ግማሹ የለም። ሚኒባሶቹ ከነጭ ነገር ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ መልሰው ይጠፋሉ። ሶስናን መቶ ጊዜ አስጠንቅቄያታለሁ፤ «እንዳታቅፊያቸው! እጃቸውን ስመሽ ዞር በይ። ምለዋል!» እሺ ብላኛለች።

ከሐይቅ በኩል የመጣ ሚኒባስ ቆመና አባቴ ወረዱ። ጋቢ፣ ከዘራ፣ በትከሻቸው የጨርቅ ከረጢት። አፌን ሳልከፍት ሶስና ከእጄ አምልጣ በረረችና ወገባቸው ላይ ተጠመጠመች! «አያቴ! አንበሳ!» ትላለች፤ ሁለቱን አንድ ላይ።

እኔ ደርቄ ቀረሁ። አባቴም ሁለት እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቆሙ። ከዘራው ወደቀ። ሰው ያልፋል፣ ረዳቶች ይጣራሉ፣ እኛ አራታችን ጉሙ ውስጥ ብቻችንን የቆምን መሰለኝ። ከዚያ አንዱ እጅ ቀስ ብሎ ወርዶ ራሷ ላይ አረፈ። ሌላውም ተከተለ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ልጄን አቀፏት።

«አስተግፊሩላህ» አሉ በለሆሳስ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ማን አልሻት?»

«ሶስና።»

«ማሻአላህ።» ከዘራቸውን ታምራት አንስቶ ሰጣቸው፤ «አብሽር፣ አንተ ልጅ» አሉት። ለታምራት የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ያ ነበር።

እራት እንብላ ብላቸው እንቢ አሉ። «መስጊዱ አጠገብ ወዳጅ አለኝ፤ እዚያ አድራለሁ። ሼሁንም የምጠይቀው ነገር አለኝ» ብለውን ጉሙ ውስጥ ገቡ። እዚያው ደሴ የታምራት አክስት ቤት ጋደም ብዬ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ አመሸሁ። መሐላቸውን አስፈረስናቸው! ነገ ሳይመጡ ይቀሩ ይሆን? ይቆጡ ይሆን?

መጡ። ገና ሳይነጋ አውቶቡሱ አጠገብ ቆመው አገኘናቸው። ከሶስና ጎን ተቀመጡ። ገና ስንነሳ ዳቦና ብርቱካን ሰጠኋቸው።

«ይቆየኝ» አሉና ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱት።

ጠዋት ነው፣ አልራባቸውም ይሆናል አልኩ። አውቶቡሱ ከደሴ ብርድ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ፀሐይ ወጣች። ሶስና መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ጮኸች። «አያቴ! አያቴ! ቤታችን ያውና! ሰማያዊ በር ያለው!»

በቁንጥጫ ያዝኳት። አባቴ ግን ዞረው አዩ። በሩ ከዓይን እስኪጠፋ፣ ከጠፋም በኋላ አንገታቸውን አጣመው አዩ። ተጨነቁብኝ ብዬ ቸኮልኩና፣

«አባዬ አይስጉ፣ እዚህ ማንም አያስወርድዎትም። ስንመለስም እኛ እንወርዳለን እንጂ እርስዎን በቀጥታ ደሴ ነው የሚያደርስዎት» አልኳቸው።

«እህ» አሉ።

መንገዱ ረጅም ነው፤ ግማሹን በእንቅልፍ ግማሹን በሕልም ነው ያለፍኩት። ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ያ ሁሉ ቆላ። ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር ሶስና የአባቴ ጭን ላይ ተኝታለች፤ እሳቸው ደግሞ ፀሐይ እንዳያገኛት በጋቢያቸው ጫፍ ጥላ ሠርተውላታል። የተሸከሙት እኔን ይሁን እሷን ግራ ይገባኛል። በዚያ ሙቀት ውሃ አቀረብኩላቸው። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ይቆየኝ።»

ምሳ ላይ ድንች ሰጠሁ። «ይቆየኝ።» ተቀብለው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ ከረጢት ውስጥ። አዲስ አበባ ስንደርስ አህመድ መናኸሪያ ጠብቆ ወሰዳቸው።

እሁድ ጠዋት የአራዊት ግቢው በር ላይ ተገናኘን። ታምራት «ዛሬ ስብከቱን ከአንበሳ ነው የምንሰማው» እያለ ይቀልዳል። ስንገባ ትልልቅ ዛፎች፣ እርጥብ ቅጠል፣ ከሩቅ የሆነ ወፈር ያለ ድምፅ፤ ድምፁን ከጆሮዬ በፊት ሆዴ ሰማው። የልጅነት ሕልሜ ውስጥ በእግሬ የገባሁ መሰለኝ። ሶስና አንድ እጇን ለእኔ፣ አንድ እጇን ለአባቴ ሰጥታ መሐል ላይ ትዘላለች።

አንበሳው ተኝቶ ነበር። ለዚያውም ጀርባውን ሰጥቶን! ሶስና ተንጠራራች፣ ተጣራች፣ ለንቦጯን ጣለች። «እማ፣ ይሄ የሞተ ነው?»

አባቴ ከዘራቸውን ለታምራት አቀበሉ። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ሰበሰቡ። ገና ሲሰበስቡ አወቅኩት፤ እንባዬ ቀድሞ መጣ። አገሱ። ያ የዝናቡ ቀን ድምፅ፣ አንድም ሳይቀየር! ዙሪያችን ያለው ሰው ዘወር አለ፣ ሳቀ፣ ስልኩን አወጣ። አንበሳው መጀመሪያ ጆሮውን፣ ቀጥሎ ራሱን አነሳ፤ ዞሮ አባቴን አየ። አባቴም አዩት። እናንተዬ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተያዩ እኔ አልናገርም፤ ለእኔ ቀኑ እዚያ ላይ ቆሞ ነበር።

«ይኸው አሳየሁሽ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። ሶስናን አልነበረም ያሉት፤ እኔን ነው።

በዚህ ደስታ ላይ ሆኜ ሳሩ ላይ ጨርቅ ዘርግቼ ምሳውን አቀረብኩ። አሁን እንቢ አይሉም! የማንም ቤት አይደለም፣ ሥጋ የለው፣ ልጅቷን አቅፈዋታል፣ ምን ቀረ? እንቁላል ልጬ፣ ዳቦ ቆርሼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ተቀበሉ። ያልተላጠም አንድ እንቁላል ጨመሩበት። ጠቀለሉት።

«ይቆየኝ፣ ልጄ።»

ተነስቼ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጀርባ ሄድኩና አለቀስኩ። ታምራት ተከተለኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየው መጥተዋል፣ አንበሳ ቀስቅሰውልሻል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እህሌን ካልቀመሱ ምኑን መጡ? ከእጄ ጉርሻ ካልወረደላቸው መቼ ታረቁኝ?»

ታምራት እንባዬን ጠረገልኝ። አልቀለደም፤ ያን ቀን ነው ያወቅኩት እሱም እንደከፋው።

ሰኞ ተመለስን። ሲመሻሽ ኮምቦልቻ ልንገባ ነው፤ አባቴ እንደ ሌሎቹ ቀናት ምንም አልቀመሱም። ሰኞ ስለሆነ የሱና ጾም ይዘው ይሆናል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ቅዳሜና እሁድስ? የቢስቲማ ልጅ ነኝ፤ ሰኞና ሐሙስ የሚጾም እንጂ ቅዳሜና እሁድ የሚጾም አባት አላውቅም። አይ ዘምዘም፣ የማይሆን ነገር አትመኚ አልኩ።

አውቶቡሱ ቆመ። ታምራት ዕቃውን አወረደ፣ ሶስና አያቷን ስማ ወረደች። እኔ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። «አባዬ፣ በደህና ይግቡ። ሁሴን ደሴ ይጠብቅዎታል።» ወርጄ መንገዱ ዳር ቆምኩና እጄን ለመሰናበት አነሳሁ።

አባቴ ከረጢታቸውን አንግበው፣ ከዘራቸውን አስቀድመው፣ በበሩ ወረዱ።

«አባዬ! ደሴ እኮ ገና ነው!»

«አውቃለሁ። ከተማ መለየት ያቃተኝ መሰለሽ?»

አውቶቡሱ ጥሎን ሄደ። ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተነሳ። አባቴ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሰሙና፣ «በይ ምሪ እንጂ። ጾሜን መንገድ ላይ ልፈታ ነው?» አሉኝ።

«የምን ጾም?»

«የመሐላ ከፋራ ነዋ!» አሉ፤ እኔ የማላውቀው ጅል እንደሆንኩ ሁሉ። «ልጅቷ መናኸሪያ ላይ ስታቅፈኝ መሐላዬ ፈረሰ። እኔም መልሼ አቀፍኳት። የዚያኑ ማታ ሼሁን ጠየቅኩ፤ ዐሥር ሚስኪን አብላ፣ ካልቻልክ ሦስት ቀን ጹም አለኝ። ይኸው ዛሬ ሞላ።»

«መንገደኛ እኮ አይገደድም! ለምን አይነግሩኝም?»

«ጾም ይወራል እንዴ? ደግሞ ቶሎ ልጨርሰው ቸኩዬ ነው።»

በመንገዱ ላይ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። እግሬ መሬት አልነካም። ቀድሜ በሩን ከፈትኩ። አባቴ ሰማያዊው በር ፊት ቆሙ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ «ቢስሚላህ» አሉና በቀኝ እግራቸው ደፉን ረገጡ። አልሐምዱሊላህም ሃሌ ሉያም አንድ ላይ አፌ ላይ መጡብኝ።

ያኔ ነው የባነንኩት። ቤቴ ባዶ ነው! ሦስቴ የምለካው እኔ፣ ለአዲስ አበባ ሳር የሚነጠፍ ጨርቅ ሳይቀር ያሰናዳሁት እኔ፣ ለዚህ አንድ ነገር ምንም አላሰብኩም። ሊጥ የለ፣ ወጥ የለ፣ አልጋው ላይ ያልታጠፈ ልብስ ተከምሯል። እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ቆምኩ።

«ውሃ አለሽ?» አሉኝ።

በብርጭቆ ውሃ ሰጠኋቸው። ተጎነጩ። ከዚያ ከረጢታቸውን ፈተው ያልተላጠውን እንቁላል አወጡ፤ ትናንት ሳሩ ላይ የጨመሩትን።

«ቅዳሜ በብርቱካንሽ ፈታሁ። ትናንት በድንችሽ። አህመድ እራት አቅርቦ ‹ምነው ጋሼ፣ የእኛን ንቀው?› ቢለኝ፣ መጀመሪያ የልጄን ልቅመስ አልኩት» አሉና እንቁላሉን ጠረጴዛው ላይ ኳ አደረጉት።

ተንበርክኬ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። ሲስቁ ሰውነታቸው ሲነቃነቅ ተሰማኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በአውቶቡስ አሳልፈሽኝ ሄድሽ፣ በአውቶቡስ ልታሳልፊኝ ተመለስሽ። አንበሳ ለማየት ያን ሁሉ አገር አቋረጥኩ፤ ግቡ ግን አላልሽኝም። ቤትሽ ውስጥ ከዚያኛው የባሰ አንበሳ አለ እንዴ?»

ታምራት ወደ ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሲያለቅስ እንዳናየው ነው።

እናንተዬ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስባለሁ። አባቴን ያከበርኩ መስሎኝ ነው። መሐላቸውን እንደ እንቁላል ይዤ፣ እንዳይሰበርባቸው ዙሪያውን ስዞር፣ እሳቸው ከሰበሩት ቆይተው ቤት የሚያስገባቸው ሰው ይጠብቁ ነበር። ይቆየኝ ሲሉኝ አልፈልግም ያሉኝ መሰለኝ። ስንቶቻችሁ ቤት እንደዚህ ያለ ነገር እንዳለ አላውቅም፤ ግን ቀድማችሁ «እንቢ ይሉኛል» ብላችሁ ያልጠራችሁት ሰው ካለ፣ በአላህም በጌታም ይዣችኋለሁ፣ ዛሬውኑ ጥሩት። እንቢ ቢል እንቢታውን ከእሱ አፍ ስሙት እንጂ እናንተ አታውሱት።

አሁን አባቴ የገበያ ነገር ሲኖራቸው ብቅ ይላሉ። ማንኳኳት የሚባል ነገር ትተዋል። ስፌቴ ላይ አቀርቅሬ ሳለሁ ከሰማያዊው በር ውጭ አንበሳ ያገሳል። ሶስና የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች፤ እኔ ግን እቀድማታለሁ። በሩን ሳልከፍተው፣ ገና ከውስጥ፣ ጎረቤት እስኪሰማ እጮሃለሁ፦

«ይግቡ!»